አንቺማ ተናግረሽ ነበር

እማዬ፣

ያለ አንቺ ሁለተኛውን ፋሲካ ፈሰክን። ሶስና ዶሮውን እኔ ነኝ የምሠራው ብላ ሽንኩርቱን አሳረረችው፤ ዝም ብለን በላነው። አላነሳንሽም። ግን ሁለታችንም ስለ አንቺ እያሰብን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤቱ የኛ መሆኑ ቀርቷል፤ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስወጣ መንገዴን አዙሬ በፊቱ አለፍኩ። ሣሩ ላይ የልጅ ብስክሌት ተጋድሟል፤ አንቺ የምትጠይው ጥቁር የጋራዥ በር ነጭ ተቀብቷል። አልቆምኩም። ሶስና ከእኔ ጋር ሪቻርድሰን ነው የምትኖረው። ትምህርት ቤት ቀየረች፣ በቁመት በለጠችኝ፣ ጫማዬን ሳትጠይቀኝ ታደርጋለች። እኔ እዚያው ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍል ነኝ። በመጋቢት የጣለው በረዶ የመኪናዬን ኮፈኖ አጎድጉዶታል፤ ላሠራው እልና እተወዋለሁ።

ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ደህና አይደለንም እማ። ሶስና ታዝናለች፣ እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ። ጊዜ ያበርደዋል ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ ለአንቺ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ሰው እንዲያነበው አወጣዋለሁ፤ ስለዚህ አንቺ ከእኔ በላይ የምታውቂውን ነገር እዚህ እደግመዋለሁ። ካንቺ በኋላ "እኛ እኮ አላወቅንም" የሚል ሰው በዝቷል። ከዛሬ ወዲያ አላወቅንም የሚል እንዳይኖር ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርሽ ይወቁ። የሺ ነበርሽ፤ ግሬፕቫይን ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሆቴል ክፍል የምታጸጂ፣ በመጨረሻ አንድ ሙሉ ፎቅ በኃላፊነት የያዝሽ። የእንግዳውን አልጋ አይተሽ ጠባዩን ትናገሪ ነበር። "ይሄ ሰውዬ ሚስቱ ናፍቃዋለች፤ ሰፊ አልጋ ይዞ በአንድ ጠርዝ ነው ያደረው" ብለሽ ስትነግሪን ሶስና በሳቅ ትንፈራፈር ነበር። ጥርስሽ እስኪታይ የምትስቂው ከእኛ ጋር ስትሆኚ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛሽ ለሥራሽ ይበቃል፤ ፎጣ ለመጨመር፣ መልካም ቀን ለመመኘት። ከዚያ ላለፈ ነገር ግን አይበቃሽም ነበር። ይህን የማነሳው ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ ይገባቸዋል።

መንዳት ያስተማርኩሽን ቅዳሜዎች ታስታውሻለሽ? የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ እኔ ከጎንሽ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ መሪውን በሁለት እጅሽ አንቀሽ። ፍሬኑን ስትረግጪው ሁለታችንም ወደ ፊት እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ዙሩን ሳትሳሳቺ ጨርሰሽ ቆምሽና፣ "ቤዛዬ፣ ይሄ መኪና እኮ ይሰማኛል" አልሽ፤ ልክ ሰው የታዘዘሽ ያህል ተገርመሽ። ፈተናውን አልፈሽ ላይሰንሱን በተቀበልሽ ቀን ፎቶሽን ለማታውቂያቸው ሰዎች ሁሉ ታሳዪ ነበር። ሳምንት አልቆየም። ቁልፉን ወሰደው። "ሴት መንገድ ከለመደች ቤት አትለምድም" አለ። ከዚያ ወዲያ ላይሰንስ ያላት፣ መኪናም በሩ ላይ የቆመላት ሴት፣ ሆቴል የምትሄደው ባልደረቦቿን አስቸግራ ሆነ።

ወሰደው ያልኩት አባታችን ነው። አባዬ ማለት ትቻለሁ፤ እዚህም "እሱ" እለዋለሁ።

እሱን ደጅ ላይ የሚጠላው ሰው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ካለ ለሥራ ከሚነዳው ሊሞዚን ወርዶ ሻንጣ ያነሳል። ሴቶቹ "እንዲህ ያለ ባል ሰጥቶሽ የሺዬ" ይሉሽ ነበር፤ አንቺም "ተመስገን" ትያቸዋለሽ። ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ከፍ የሚያደርገው ቴሌቪዥኑን ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲጨምር ምን ማለት እንደሆነ ለእኔና ለሶስና ማንም አላስረዳንም፤ እናውቅ ነበር። በማግስቱ አንገትሽ ላይ ሻርፕ ይጠመጠማል፤ በዚህ በቴክሳስ ሙቀት፣ አስፋልቱ እየቀለጠ። ባልደረቦችሽ ሲጠይቁሽ የቁም ሳጥን በር፣ የሻወር መንሸራተት፣ የዕቃ ጋሪ። ግሪን ካርድሽ በቦርሳሽ እያለ "አንድ ኮል ባደርግ አገርሽ ትመለሻለሽ" ይልሽ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ከእኔ ጋር ነይ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ። "ሶስና ሃይስኩል ትጨርስና" ነበር መልስሽ።

አሁን ፖሊስ ወደመጣበት ቀን ልሂድ። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ሊንዳ ከሰዓት በኋላ አበባዋን ስታጠጣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ጩኸትሽን ሰማች። ፖሊስ ጠራች። ሁለት ፖሊሶች መጡ። የከፈተላቸው እሱ ነው፤ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ፈገግ ብሎ። አንቺ ከኋላው ቆመሻል። ሶስና ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንደኛው ፖሊስ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀሽ። እሱ ቀደም አለና፣ "እንግሊዝኛ አትችልም፣ እኔ አስተረጉማለሁ" አላቸው። ኦኬ አሉት።

ኦኬ አሉት፣ እማ። ለምን እንደተጠሩ እያወቁ፣ የተጠሩበትን ሰው አስተርጓሚ አደረጉት።

ሶስና ያን ቀን ከመታጠቢያ ቤት በስልክ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ስለነበር ቃሉ አልወጣ ብሏት፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ቤዛ፣ እማዬ ሌላ ነገር አለች፤ እሱ ውሸት ተረጎመ" አለችኝ። ወዲያው ጣቢያው ደወልኩ። የመለሰልኝ ሰው በትሕትና፣ ፖሊሶቹ ሴትየዋን ራሷን እንዳነጋገሯትና ደህና ነኝ እንዳለች፣ ሌላ ነገር ካለ ራሷ እንድትደውል ነገረኝ። ራሷ። በየትኛው ቋንቋ?

በቀጣዩ እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሠርጋችሁ ሚዜ የነበሩት፣ ዋይሊ የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ፤ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ፤ አንድ ቄስም ነበሩ። እኔም መጥቼ ነበርና አይቻለሁ። ፖሊስ ቤት መግባቱን ሰምተው ደንግጠዋል፤ ያስደነገጣቸው ግን ፖሊሱ እንጂ ያስጠራው ነገር አልነበረም። አንቺ ከማለዳ ጀምረሽ ወጥ ስትሠሪ ነበር። ለራስሽ ዕርቅ ራስሽ አበሰልሽ። ከበሉ በኋላ "እስቲ የየሺንም ቃል እንስማ" አሉ። አንቺም ቀና ብለሽ፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ አንገቴን ያንቀኛል። አንድ ቀን ትንፋሼ የማይመለስ ይመስለኛል" አልሻቸው።

አቶ ግርማ ሳህናቸውን አዩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ፣ "ልጄ፣ የባልና ሚስት ነገር ጓዳ ይገባል፣ ጓዳ ያልቃል። ፖሊስ ከገባበት ግን አያልቅም። ላይሰንሱን ቢቀሙት፣ ሥራውን ቢያጣ፣ የሚጎዱት እነዚህ ልጆች ናቸው" አሉሽ። እሱን እጅህን ሰብስብ አሉት። አንቺን ምላስሽን ሰብስቢ አሉሽ። እኔ ልናገር ስል ቄሱ "አንቺ ልጅ ነሽ" አሉኝ። ይቅር ተባባሉ ተባለ፣ ተሳሳማችሁ፣ ተመረቀ። ሲወጡ ጋሽ ደምሴ ወጡ እንደጣፈጣቸው ነገሩሽ።

ሆስፒታል የገባሽው በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሶስና ትምህርት ቤት ውድድር ነበረባት። አምቡላንስ የጠራው ራሱ ነው፤ የልብስ ቅርጫት ይዛ ከደረጃ ወደቀች አለ። እኔ ሆስፒታል ስደርስ በማሽን ነበር የምትተነፍሺው። ሐኪሙ ሥራዬን ስለነገርኩት ምስሎቹን አሳየኝ። የጎድን አጥንቶችሽ ላይ የቆዩ ስብራቶች ነበሩ፤ ማንም ሐኪም ሳያያቸው በራሳቸው ጊዜ የገጠሙ። በየቀኑ የሰው አጥንት የማነሳ ልጅሽ፣ ያንቺን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐኪሙ "ከደረጃ የወደቀ ሰው አንገት እንዲህ አይሆንም" አለና ለፖሊስ ሊደውል ወጣ። እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ዐረፍሽ።

በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ "በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ" ተብሎ ወጣ። እሱ ጥቁር ለብሶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ እየተንበረከከ አጽናናው። ሴቶቹ "ደረጃ ክፉ ነው" ይባባሉ ነበር፤ እንዴት በባዶ እግር ሆነው እንደሚወርዱ፣ እንዴት ምንጣፉ እንደሚያንሸራትት። ከቀብርሽ በኋላ ባለው ሳምንት ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ያን ጊዜ ነው ይህ ሕዝብ የተቆጣው። ስትሞቺ አለቀሰ፤ እሱ ሲታሰር ተቆጣ። "ምን ዓይነት ጨካኝ አገር ነው፣ ሐዘኑን እንኳ ሳይጨርስ" አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ደምሴና አቶ ግርማ አፓርትመንቴ ድረስ መጡ። ውኃ ሰጠኋቸው። ጋሽ ደምሴ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱና በመጨረሻ፣ "ቤዛዬ፣ አባትሽ ነው። የሞተችውን አንመልሳት። ለዳኛዋ አደጋ ነው ብለሽ ብትናገሪለት ያንቺ ቃል ከጠበቃ ይበልጣል" አሉኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ እማዬ አንገቴን ያንቀኛል ስትልዎ ከፊቷ ተቀምጠው ነበር" አልኳቸው። "ያንን እርስዎ ለዳኛዋ ይነግሩላታል?"

"ያን ጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለን መች አሰብን፣ ልጄ?"

"እሷ አስባዋለች። ትንፋሼ አይመለስም ብላ ነግራዎታለች።"

አቶ ግርማ ተነሱና፣ "አባቱን አሳልፎ የሰጠ ልጅ አይባረክም" አሉኝ። በሩን ከፈትኩላቸው። ጋሽ ደምሴ ብርጭቆውን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እሳቸውም ወጡ። እማ፣ ሽማግሌን በር ከፍቶ ማስወጣት ያሳደግሽኝ ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደግሞም አልጸጸትም።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጓ ጠራችኝ። ችግር እንዳለባት ነገረችኝ፤ ከዚህ በፊት ሪፖርት የተደረገ ነገር የለም አለችኝ። ያለው ያ የሊንዳ ጥሪ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ "የቃል ጭቅጭቅ፤ ሴትየዋ ደህና ነኝ ብላለች" ተብሎ ተዘግቷል። ሶስና የነገረችኝን ነገርኳት። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ ነበራቸው ወይ ብላ አሰበች፤ ቀረጻው እንዲፈለግ አደረገች፤ ተገኘ። አስተርጓሚ ተቀጠረ፤ የማላውቀው፣ ከፎርት ዎርዝ የመጣ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ። ድምፅሽን እንድለይ እኔም ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ቴሌቪዥኑን ሰማሁ። ፖሊሱ ሲጠይቅሽ ሰማሁ። ከዚያ ያንቺ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ከእሱ ትከሻ ኋላ፦ "ይገድለኛል። እባካችሁ፣ ዛሬ እዚህ ጥላችሁኝ አትሂዱ።"

የእሱም ድምፅ ወዲያው፣ በለሰለሰ እንግሊዝኛ፦ ከሥራ ገብታ ደክሟታል፣ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ ትላለች።

ፖሊሱ "መልካም ቀን፣ እመቤት" አለሽ። በሩ ተዘጋ።

አስተርጓሚው ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዐቃቤ ሕጓ ምን አለች ብላ ጠየቀችው። መነጽሩን ጠረገና ቃል በቃል ነገራት። እሷም ጻፈችና ብዕሯን ጣለችው።

እማዬ፣ ስንት ስብሰባ ላይ፣ ስንት ቤት ውስጥ፣ "የኛ ሴቶች እኮ አይናገሩም" ሲባል ሰምቻለሁ። ባህላችን ነው ይላሉ፤ ይፈራሉ ይላሉ፤ ይሉኝታ ነው ይላሉ፤ ባይናገሩ ምን እናድርግ ይላሉ። አንቺማ ተናግረሽ ነበር። ለመንግሥት ተናገርሽ፤ ጠመንጃ ለታጠቁ ሁለት ሰዎች፣ ቤትሽ በር ላይ፣ ከገዳይሽ አንድ እርምጃ ርቀሽ ቆመሽ። ከዚህ የበለጠ ድፍረት ከሰው ይጠበቃል? ለሽማግሌ ተናገርሽ፤ በገዛ ሳሎንሽ፣ ያበሰልሽውን እየበሉ። በአማርኛ ስለሆነ ፖሊሱ አልሰማሽም። ሽማግሌው ግን አማርኛ ያውቃል! እሱስ ለምን አልሰማሽም? የነገርሻቸው ሁሉ ወደ ገዳይሽ መለሱሽ፤ ከዚያ ሞትሽና "ሪፖርት አልተደረገም" ተብሎ ተጻፈ። ካልተናገሩ ሴቶች ቁጥር ውስጥ አስገቡሽ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የገደለሽ አንድ ሰው ነው፤ ዝም ብላ ሞተች ያሉሽ ግን ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ማልቀሱን ለእሑድ አስቀመጥኩትና ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤታችን የነበረበት ከተማ ምክር ቤት ነው። ሊንዳ አብራኝ መጣች፤ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ለመናገር የሚሰጡት ጊዜ ትንሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። "እኔ ራጅ አነሳለሁ" አልኳቸው። "አንዲት እንግሊዝኛ የማትችል ሴት ቁርጭምጭሚቷን ላነሳ ስል ባሏ እንዲያስተረጉምላት አይፈቀድልኝም። ስልክ አነሳለሁ፤ ወዲያው አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ይገኝልኛል። ለአንድ ቁርጭምጭሚት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ፖሊስ ባሏን ከጎኗ አቁሞ፣ በባሏ አፍ፣ ባልሽ ይመታሻል ወይ ብሎ እንዴት ይጠይቃታል?" ያልሽውን ቃል በአማርኛ ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ አልገባቸውማ። "አያችሁ፣ ፖሊሶቹም እንዲህ ሰምተው ነው ጥለዋት የሄዱት" አልኳቸው። ከዚያ ተረጎምኩላቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደወሉ ጮኸ፤ ሊቀመንበሯ ግን አላስቆመችኝም።

አመሰግናለሁ ተብዬ ተሸኘሁ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ሊንዳም ሰልችቷት አታውቅም፤ "ዛሬስ የማንን በር ነው የምናንኳኳው?" እያለች ትመጣለች። ወራት ፈጀ። አሁን በዚያች ከተማ ፖሊስ ለእንዲህ ያለ ጥሪ ሲሄድ የቤተሰብ ሰው እንዳያስተረጉም መመሪያ ወጥቷል፤ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራሉ፣ አስተርጓሚው በስልክ ይመጣል። መመሪያ መሆኑን አውቃለሁ። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ብዙ አይቻለሁ። እየተከታተልኩ ነው፤ አሰልቺ ሴት ሆኛለሁ፤ ስልኬን ሲያዩ በረጅሙ እንደሚተነፍሱ ይገባኛል።

የከበደኝ የራሳችን ሰው ነው። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲጠራ ሐሳቤን አቀረብኩ። ድብደባ አለ ከተባለ ሽማግሌ ለዕርቅ እንዳይቀመጥ፤ በመጀመሪያ ሴቶች ሴትየዋን ለብቻዋ እንዲያነጋግሯት፣ የምትደውልበት ቁጥር እንዲሰጣት፣ መሄድ ከፈለገች የሚያደርሳት መኪና እንዲኖር። ቁጥሩም ከቅዳሴ በኋላ በመድረክ እንዲነበብ፣ በሴቶች መታጠቢያ ቤትም እንዲለጠፍ።

አዳራሹ ታወከ። "ትዳራችንን ለፈረንጅ ልታፈርሺ ነው" ያለኝ አለ። "ሐዘን ጎድቷታል፣ ተዉአት" ያለች አለች። አቶ ግርማ ከሊቀመንበር ወንበራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ዝም አሰኙና፣ በለዘበ ድምፅ፣ "እህታችን ቤዛ፣ ይህ መረዳጃ ማኅበር ነው። ደንባችን ግልጽ ነው። እኛ የምንረዳዳው በሞት ነው" አሉ።

"ረድታችኋታል፣ አቶ ግርማ" አልኳቸው። "ድንኳኑም ምግቡም አልጎደለባትም። እናቴን በደንብ ቀብራችኋታል። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ነው።"

ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። በዚህ መሃል ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ ነበሩ የተነሱት። አርጅተዋል እማ፤ በምርኩዝ ነው የሚቆሙት። ማይክ ሲያቀብሏቸው አልተቀበሉም። "የሺ ነግራን ነበር" አሉ። "እኔና ግርማ፣ ቄሱም፣ ማዕዷ ላይ ነበርን። ያንቀኛል አለችን። እኛ ምላስሽን ሰብስቢ አልናት። በአደጋ አይደለም የሞተችው። ነግራናለች።" ተቀመጡ። አቶ ግርማ ጣሪያውን አዩ።

እጅ ተቆጠረ። ጥቂት ሰዎች ተነስተው ወጡ፣ ጥቂቶች እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ፤ የሴቶቹ ወገን ግን፣ "ደረጃ ክፉ ነው" ሲሉ የነበሩት ጭምር፣ እጁን አነሳ። አለፈ። አቶ ግርማ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ጋሽ ደምሴን ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው፤ የተናገሩት ግን ካንቺ በኋላ ነው። ሲታመሙ እየሄድኩ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም።

ቁጥሩ በመድረክ በተነበበ በመጀመሪያው እሑድ አንዲት ሴት ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ድረስ መጣች። ልጅ ታቅፋለች። "ለጓደኛዬ ነው" አለችኝ፤ "ጓደኛዬ ባሏ ስልኳን ስለሚያይ፣ ቁጥሩን በቃል መያዝ ትፈልጋለች።" እሺ አልኳት። ቁጥሩን፣ ከዚያም የእኔን ስልክ፣ አብረን ደጋገምነው፤ እሷ ትላለች፣ እኔ አርማለሁ፣ ልጇም ይኮላተፋል። ባሏ ከሩቅ ሲጠራት ስለ ሕፃን ጫማ እያወራን አስመሰልን። ከሳምንታት በኋላ ከማላውቀው ስልክ ተደወለልኝ። "ጓደኛዬ ወጥታለች" አለችኝ፤ ከዚያ፣ "ማለቴ፣ ወጥቻለሁ" አለች። የት እንዳለች አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ስልኩን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

የእሱን ነገር ደግሞ ማወቅ አለብሽ። ቃልሽ ፍርድ ቤት ሊሰማ መሆኑን ሲያውቅ ጠበቃው ተደራደረና ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዳኛዋ ፈረደችበት፤ ሲወጣ ሽማግሌ ይሆናል። ካጠፋው አንጻር ያንሳል። ሲፈረድ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያን ቀን ሶስና መኪና ውስጥ፣ "ታዲያ፣ እስር ቤት ሄጄ እሱን መጠየቅ አለብኝ?" አለችኝ። ማንም አያስገድድሽም አልኳት። "እና አባዬ ልበለው?" አለችኝ። ይህንንም አንቺ ነሽ የምትወስኝው አልኳት። ይቅርታ እንዳደርግለት ከእስር ቤት ሰው ልኮብኝ ነበር። የተሳሳተ ሰው ነው የጠየቀው ብዬ መለስኩለት፤ የበደለው እኔን ብቻ አይደለም፣ ያንቺን ይቅርታ ደግሞ እኔ ልሰጠው አልችልም።

ሶስና በዚህ ዓመት አማርኛ መማር ጀምራለች፤ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "አንድ ቀን በስልክ የሚተረጉመው ሰው እኔ ነው" አለችኝ። ሰዋስው አልተሳካላትም፤ እኔም አላረምኳትም።

እማዬ፣ ብዙ ሰው ሙታኑን ሲያስታውስ ደጉን ደጉን ያነሳል። እኔም ሳቅሽን አነሳለሁ፤ በሁለት እጅሽ የያዝሽውን መሪ አነሳለሁ። በዚያ ብቻ ግን አላበቃም። እናትሽ በምን ሞተች ብለው ሲጠይቁኝ ደረጃ አልልም፣ አደጋ አልልም፣ እግዚአብሔር ወሰዳት አልልም። ባሏ ገደላት እላለሁ። ሰው ደንግጦ ወሬ ሲቀይር፣ መልሼ ወደዚያው አመጣዋለሁ። ሠርግ ላይም ቢሆን፣ ለቅሶ ላይም ቢሆን። ሳረጅም ይህንኑ እላለሁ፤ ልጅ ብወልድ ስምሽን ከነአሟሟትሽ አስተምራታለሁ። ተኝተሽ እረፊ። እኔ እዚህ ዝም አልልም።

ልጅሽ ቤዛ